የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት በ10 ኢንች ታብሌት፦ ለአንድ የራዲዮ ወዳጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 50ን አልፏል። ከልጅነቴ ጀምሮ ራዲዮና ቴፕ እየፈታሁ እገጥማለሁ፤ ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ነው። ድሮ የውጭ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔቶችን ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ፈልጌ አነብ ነበር። በቅርቡ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ባለ 10 ኢንች አንድሮይድ ታብሌት ላከችልኝ። ልጄ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር የመጽሔት ፒዲኤፍ ጫነልኝ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም። ጽሑፉ ደቃቃ ነው። ሳጎላው ገጹ ይሸሽብኛል፣ የት እንደነበርኩም ይጠፋኛል። ዲያግራሞቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች አንዳንዴ አይለዩም። ታብሌቱም ሞልቶ ይንቀራፈፋል። ልጄ ‹ትልቅ ታብሌት እንግዛ› ይላል። እህቴ በላይብረሪ ካርዷ መጽሔት በነፃ ታነባለች፤ ‹አንተም ተጠቀምበት› ብላኛለች። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ

ጋሼ፣ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙት። ትልቅ ታብሌት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ እመጣበታለሁ። ግን ከዘረዘሩልኝ ችግር አብዛኛው አሁን በእጅዎ ባለው ታብሌት ይፈታል። ትልቅ ታብሌት ጭራሽ የማይፈታውም አለ፤ የዲያግራሙ ቁጥር ለምሳሌ። እኔ የምተዳደረው የታተመ ነገር ስካን እያደረግሁ ለስክሪን በማዘጋጀት ነው። ስለዚህ እነዚያ ፋይሎች እርስዎ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ምን ምን እንደሚደርስባቸው አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ ለምን እንደሚደቅ እንይ። ማስመሪያ ያምጡና ስክሪኑን ይለኩት። 10 ኢንች የሚባለው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ያለው ርዝመት ነው። የተለመደው 10.1 ኢንች አንድሮይድ ታብሌት ቁመቱ 21.8፣ ወርዱ 13.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀጠን ረዘም ያለው ፊልም እንዲያሳይ ታስቦ ነው። የአሜሪካ መጽሔት ገጽ ደግሞ በአብዛኛው ወርዱ 21፣ ቁመቱ 27 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ያ ገጽ 13.6 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲታጨቅ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። በፎንት 9 የታተመው ጽሑፍ ስክሪንዎ ላይ ፎንት 6 እንኳ አይሞላም። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣውን ወረቀት እንደማንበብ ነው።

በዚህ መጠን ረጅም ጽሑፍ ሲያነብ የወጣት ዓይንም ይደክማል። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማየት ይከብዳል። የማንበቢያ መነጽር ካለዎት ታብሌቱን በሚይዙበት ርቀት መለካቱን ያረጋግጡ። ጠረጴዛ ላይ አቁመውት ራቅ ብለው ከተቀመጡ፣ መጽሐፍ እጅ ላይ ተይዞ የተለካው መነጽር ላይሠራ ይችላል።

አሁን መፍትሔው።

ከሁሉ በፊት የገጹን ባዶ ጠርዝ ይቁረጡት። የመጽሔት ገጽ በየጎኑ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ነጭ ቦታ አለው። ወረቀት ላይ ጣትዎ የሚያርፍበት ነው፤ ስክሪን ላይ ምንም አይሠራም። ሪድኤራ፣ ሊብሬራና ኬኦሪደር የሚባሉት የማንበቢያ አፖች ጠርዙን ቆርጠው የቀረውን ብቻ ያሳያሉ። ሦስቱንም በነፃ ማግኘት ይቻላል። ጠርዙ ሲሄድ ከ65 በመቶው ወደ 74 አካባቢ ይደርሳሉ። በቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ለዓይን ግን ትልቅ ለውጥ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «አውቶማቲክ» የሚለው መቁረጫ በአሮጌ ስካን ላይ ይሳሳታል። የገጹ ዳር ላይ ጥቁር ጥላ ካለ ያንን ጽሑፍ ነው ብሎ ይተወዋል። እንዲያ ሲሆን በእጅ የሚቆረጠውን ይምረጡ።

ከዚያ ታብሌቱን ያጋድሙት። ብዙ ሰው ይህን አይሞክረውም፤ ገጹን በሙሉ ካላየሁ ብሎ ድርቅ ይላል። ሲጋደም ወርዱ 21.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የመጽሔቱ ወርድ 21 ነበር። ስለዚህ ገጹን በወርዱ ልክ ሲሞሉት ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ከነበረው በጥቂቱ ይበልጣል ማለት ነው። ጠርዙን ቆርጠው ከሆነማ በ18 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አዲስ ታብሌት ሊያመጣልዎ የነበረውን አሁን በነፃ አገኙት።

ዕዳውም አለ። አንድ ጊዜ የሚያዩት የገጹን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የመጽሔት ገጽ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ዓምድ አለው። አንዱን ዓምድ እስከ ታች አንብበው፣ ለሚቀጥለው ወደ ላይ መመለስ አለብዎት። «ገጹ ይሸሽብኛል» ያሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሁለት ጣት ሲያጎሉ ገጹ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ነፃ ይሆናል። ጣትዎ ትንሽ ካጋደለ ዓምዱ ከስክሪን ይወጣል። መድኃኒቱ በጣት ማጉላትን ጭራሽ መተው ነው። በአፑ ውስጥ «በወርዱ ልክ አሳይ» የሚለውን ይምረጡ። ያኔ ገጹ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይሄዳል። የስክሪኑን መዞርም ይቆልፉት፤ ወንበር ላይ ትንሽ በተነቃነቁ ቁጥር እንዳይገለበጥብዎ። ኬኦሪደር ገጹን ዓምድ በዓምድ እያስከተለ የሚያሳይበት መንገድም አለው። ማስተካከያው ለጀማሪ ትንሽ ያደናግራል። ልጅዎ አንድ ጊዜ ካስተካከለልዎ ግን በጣትዎ እየነኩ ብቻ ይነጉዳሉ።

እኔ ራሴ መጽሔት ሁለት ጊዜ ነው የምከፍተው። መጀመሪያ ታብሌቱን በቁመቱ ይዤ እንዲሁ አገላብጠዋለሁ፤ ርዕስ፣ ፎቶ፣ ማስታወቂያ ሳይቀር። የሚይዘኝን ጽሑፍ ምልክት አደርግበታለሁ። ከዚያ አጋድሜ የምር አነባለሁ። የትርፍ ጊዜ መጽሔት እንደ ልብ ወለድ ከገጽ 1 ተነስቶ የሚነበብ ነገር አይደለም።

«የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል» ላሉት ሌላም ምክንያት አለ። የአሜሪካ መጽሔቶች ጽሑፉን መሃል ላይ ያቋርጡና «ወደ ገጽ 96 ይዞራል» ይላሉ። እርስዎ 96 ብለው ሲገቡ ሌላ ገጽ ይመጣል። ፒዲኤፉ ሽፋኑንም ስለሚቆጥር የእሱ 96ኛና የመጽሔቱ ገጽ 96 አይገጥሙም። ልዩነቱ ግን በአንድ እትም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያው ነው። 2 ከሆነ በሁሉም ላይ 2 ይጨምሩ። ከመዝለልዎ በፊት ያሉበት ገጽ ላይ ምልክት ያኑሩ።

ጽሑፉን ከገጹ አውጥተው እንደ ስልክ መልእክት አስፍተው የሚያሳዩ አፖችም አሉ። የአዶቢው ሊኩዊድ ሞድ አንዱ ነው። በአሮጌ ስካን ላይ አይድከሙበት። የሥዕሉ መግለጫ ከዓምዱ ጋር ይደባለቃል፣ የዕቃ ዝርዝሩም ይበታተናል። ከመጽሔት ስካን በኮምፒውተር በራሱ የተሠራ ኢፐብ የሚባለው ፋይልም ያው ነው። ለመፈለጊያ ይሆናል እንጂ ለማንበብ አይሆንም።

ወደ ዲያግራሙ እንምጣ። ለእርስዎ ዋናው ይህ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ስህተት ዕቃ ያቃጥላል።

መጀመሪያ ፋይሉን ይፈትኑት። አንድ ፊደል ላይ የቻሉትን ያህል ያጉሉ። ፊደሉ ጠርዙ ስል ሆኖ ከቆየ ከኮምፒውተር በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ ነው፤ በቁጥሩ ላይ እምነት ይጣሉ። እየደበዘዘ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከተለወጠ ስካን ነው። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ መጽሔቶች በሙሉ ስካን ናቸው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ መጽሔቶቹ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።) ስካን ሲደረግ አንድ ገጽ ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ይታመቃል። ሲታመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ነጥብና ቀጭን መስመር ነው። ዲያግራም ደግሞ ነጥብና ቀጭን መስመር ነው።

ከዚህ የከፋም ነገር ተከስቶ ያውቃል። አንዳንድ ማመቂያዎች ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ፊደላትን አንድ አድርገው ያስቀምጣሉ። በ2013 ጀርመናዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዴቪድ ክሪዝል የዜሮክስ ስካነሮች በዚሁ የተነሳ ቁጥር ሲቀይሩ አገኘ። 6 የነበረው 8 ሆኖ ይወጣ ነበር። ያውም ሳይደበዝዝ፣ ጥርት ብሎ። ኩባንያውም በኋላ ማስተካከያ አወጣ። ሁሉም ስካን እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ግን «ጥርት ብሎ ስለሚታይ ልክ ነው» ማለት እንደማይቻል ይወቁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ ከእኔ የተሻለ መሣሪያ አለዎት፤ የሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድበው ዕቃ) መደበኛ ቁጥሮችን። እስከ 10 በመቶ ልዩነት በሚፈቀድላቸው የተለመዱት ላይ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 27፣ 33፣ 39፣ 47፣ 56፣ 68፣ 82 ናቸው። ስክሪኑ ላይ 58 ወይም 66 የሚመስል ካዩ በዚህ ረድፍ ውስጥ እንዲህ ያለ የለም። 56 ነው ወይም 68 ነው። ከዚያ የዕቃ ዝርዝሩን ይመልከቱ። መጽሔቶቹ ዋጋውን ሁለት ቦታ ይጽፉታል፤ ዲያግራሙ ላይና ዝርዝሩ ላይ። ሁለቱም ቦታ በአንድ ዓይነት መበላሸቱ ብርቅ ነው።

ነጥቡን ይጠንቀቁ። አሜሪካኖቹ 4.7 ሺህ ኦምን 4.7ኬ ብለው ይጽፋሉ። ነጥቧ ከጠፋች 47ኬ ይሆናል፤ አሥር እጥፍ። የአውሮፓ መጽሔቶች ብዙዎቹ 4ኬ7 ብለው የሚጽፉት ለዚሁ ነው፤ ፊደሏ የነጥቡን ቦታ ትይዛለች፣ በፎቶ ኮፒም አትጠፋም። በአሮጌዎቹ የአሜሪካ እትሞች ላይ ካፓሲተርም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ያሳስታል። ኤምኤፍዲ የሚለው ማይክሮፋራድ ነው። ኤምኤምኤፍ ደግሞ የዛሬው ፒኮፋራድ፣ የማይክሮፋራድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በደበዘዘ ገጽ ላይ ከሁለቱ ኤሞች አንዷ ከጠፋች በሚሊዮን እጥፍ ተሳሳቱ ማለት ነው።

አሁንም ካልታየዎት ወደ ምንጩ ይመለሱ። ፋይሉ ከኢንተርኔት አርካይቭ የወረደ ከሆነ፣ እዚያ ያለው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ የታመቀ ነው። ድረ ገጹ ላይ ራሱ መጽሔቱን ከፍተው ያንን አንድ ገጽ ሲያጎሉት ግን ምስሉን ከዋናው ስካን ነው የሚያመጣው። ከፒዲኤፉ የተሻለ ሊያሳይዎ ይችላል። ዳታም አይበላም፤ የሚያወርዱት አንድ ገጽ ነውና።

ከመበየድዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ቀጣዮቹን ሁለት ሦስት እትሞች ይፈትሹ። መጽሔቶች ይሳሳታሉ፤ እርማቱንም ከወር ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ጥግ፣ ብዙ ጊዜ ከአንባቢ ደብዳቤዎች አጠገብ፣ በደቃቁ ያወጡታል። ድሮ አንድ እትም ብቻ ገዝተው ሲሠሩ ይህን የማወቅ ዕድል አልነበረዎትም። «እንደ ዲያግራሙ ገጠምኩት፣ እምቢ አለ» ከሚባሉት ውስጥ ስንቱ የዚህ ሰለባ ይሆን? አሁን ሁሉም እትም እጅዎ ላይ ነው። ፋይሉ ፍለጋ የሚቀበል ከሆነ የፕሮጀክቱን ስም ይጻፉና ይፈልጉ።

ከጥያቄዎ ትንሽ ልውጣ። የአሜሪካ ዲያግራም ላይ የመብራት መግቢያው 117 ወይም 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እርስዎ ይህን ያውቁታል፤ አብሮዎት የሚያነበው ልጅዎ ግን ላያውቅ ይችላል። ቮልቱን ዝቅ አድርገውለት እንኳ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ላይ ይበልጥ ይሞቃል። ከግድግዳ የሚነሳ ሥራ ሲሆን የእንግሊዞቹን መጽሔቶች እመርጣለሁ። ፕራክቲካል ዋየርለስ ከ1932 ጀምሮ የሚወጣ ነው፤ የእነሱ መብራት ለእኛ በጣም ይቀርባል። በባትሪ ለሚሠራ ግን ከየትም ያንብቡ።

ሥራ ላይ ሲቀመጡ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አያኑሩት። የመበየጃ ጫፍ፣ የሚፈናጠር የቀለጠ ቆርቆሮ፣ በላብ የራሰ ጣት... ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ሲጠፋና እጅዎ ሲቆሽሽም ያናድዳል። ታብሌት ላይ ያንብቡ፣ ከወረቀት ላይ ይሥሩ። አንድሮይድ ላይ ፒዲኤፉን ከፍተው «ፕሪንት» ሲሉ የገጹን ቁጥር ይጠይቅዎታል። የሚፈልጓቸውን ሁለት ሦስት ገጾች ብቻ ይጻፉና ከፕሪንተሩ ዝርዝር ውስጥ «እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጥ» የሚለውን ይምረጡ። ያቺን ትንሽ ፋይል በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ወስደው ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ4 ያሳትሙ። ዲያግራሙን በእጅዎ መልሰው ቢስሉት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። እየሳሉ እያንዳንዱን ዋጋ ከዝርዝሩ ጋር ስለሚያመሳክሩ የጎደለው ነጥብ ያኔውኑ ይጋለጣል።

መንቀራፈፉ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ የሚሞሪ መሙላት ነው። አንድ ባለ 100 ገጽ ስካን በቀላሉ ከ50 ሜጋባይት ያልፋል፤ በመቶ ሲባዛ ይታይዎት። ሁለተኛው የምስሉ ዓይነት ነው። ጄፔግ 2000 በሚባለው የታመቀ ገጽ ቦታ ይቆጥባል፣ ለመከፈት ግን ብዙ ስሌት ይጠይቃል። ርካሽ ታብሌት ላይ ገጽ በገለጡ ቁጥር ነጭ ሆኖ የሚያስጠብቅዎ ይሄ ነው። ልጅዎ ኮምፒውተር ላይ ወደ ተራ ጄፔግ ቢቀይረው ፋይሉ ይተልቃል፣ ታብሌቱ ግን ይተነፍሳል።

ከመቶዎቹ ውስጥ በአሁኑ ሰዓት የሚያነቧቸውን አሥር አሥራ አምስት ብቻ ታብሌቱ ላይ ይተዉ። የቀረውን ወደ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ያውጡት። አንድ ቅጂ ብቻ አይኑርዎት፤ ፍላሽ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሞተው። ስሙን ሲሰጡ ዓመቱን ያስቀድሙ፣ ከዚያ የወሩን ቁጥር፣ ከዚያ የመጽሔቱን ስም፤ 1978-04 እያሉ። እንዲህ ሲሆን በራሱ በተርታ ይሰለፋል። ወሩን በስሙ ከጻፉት ኤፕሪል ከጃንዋሪ በፊት ይመጣና ይደባለቅብዎታል። «ልሠራቸው» የሚል ፎልደርም ይክፈቱ። ከላይ እንዳልኩት እየቆረጡ ያስቀሯቸውን ጥቂት ጥቂት ገጾች እዚያ ያጠራቅሙ። ከዓመት በኋላ ከመቶው እትም ይልቅ የሚከፍቱት ያንን ፎልደር ነው።

የእህትዎን ካርድ በተመለከተ። የአሜሪካ የሕዝብ ላይብረሪዎች ብዙዎቹ ሊቢ በሚባል አፕ መጽሔት ያውሳሉ። ጥሩ አፕ ነው። እንደ መጽሐፉ ወረፋ አያስጠብቅም። ከገጹ ምስል ሌላ ጽሑፉን ብቻ አስፍቶ የሚያሳይበት መንገድ አለው፤ እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል፣ ከስካን አይደለምና። ግን ካርዱ የተሰጠው ለእሷ ነው። ክፍያውም የሚመጣው ከዚያ አካባቢ ነዋሪ ግብር ነው። ሌላ ሰው ይጠቀምበት አይጠቀምበት የሚወስነው ላይብረሪዋ ነውና ደውላ ትጠይቅልዎ። ቢፈቀድም ለእርስዎ ዓላማ ጉድለት አለው። የተዋሱት እትም ጊዜው ሲያልቅ ከታብሌቱ ይጠፋል፤ እንደ ፒዲኤፍ ለይተው ሊያስቀምጡት አይችሉም። ለማንበብ ነው እንጂ ለመሥራት አይሆንም።

ይህ ጠባይ የሊቢ ብቻ አይደለም። በአፕ ውስጥ የሚነበብ ደንበኝነት ሁሉ እንዲያ ነው፤ አፑ ከተዘጋ የከፈሉበትም አብሮ ይሄዳል። አማዞን በ2023 ኪንድል ለተባለው የማንበቢያ መሣሪያው ይሸጥ የነበረውን የመጽሔት ደንበኝነት አቁሟል። ስለዚህ የሚከፍሉ ከሆነና በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ካገኙ፣ ፒዲኤፉን አውርደው እንዲይዙት ለሚፈቅድ አሳታሚ ይክፈሉ። የኔዘርላንዱ ኤሌክቶር ለአባላቱ እንዲህ ያደርጋል። ቴሌግራም ላይ የዘንድሮውን እትም በነፃ የሚለጥፉ ቻናሎች እንዳሉ አውቃለሁ። አልመክርዎትም። ያልተከፈለበት መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ፋይሉ እጅ በእጅ ሲዞር እንደገና ተጨምቆ ነው የሚደርስዎ፤ ዲያግራሙ ያልቅለታል። «ለማንበብ ይህን አፕ ጫን» ካለዎትማ ሮጠው ይውጡ።

ሕጋዊና ነፃ የሆነም አለ። ትንንሽ ኮምፒውተር የሚሠራው የእንግሊዙ ራስበሪ ፓይ ኩባንያ መጽሔት፣ ዘ ማግፓይ ይባል የነበረው፣ በ2012 የጀመረ ነው። የቆዩ እትሞቹን ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ማውረድም ማጋራትም በሚፈቅድ ፈቃድ ለቋቸዋል። ሀክስፔስ ይባል የነበረው ታናሹም እንዲሁ። ስካን ስላልሆኑ ጽሑፋቸው ጥርት ያለ ነው፣ ፍለጋም ይቀበላሉ። ይዘቱ ከራዲዮ ይልቅ ወደ ኮምፒውተርና ሴንሰር ያዘነብላል። ልጅዎን ከጎንዎ ለማስቀመጥ ግን ጥሩ ማጥመጃ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ትልቅ ታብሌት ካማረዎት፣ ከኢንቹ በፊት ቅርጹን ይዩ። 4 ለ 3 የሆነ ስክሪን ከወረቀት ገጽ ጋር ይቀራረባል። 10.2 ኢንቹ አይፓድ ወርዱ 15.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከእርስዎ ጋር በሰያፍ እኩል ቢሆንም ገጹን አስፍቶ ያሳያል። 13 ኢንች ያለው ደግሞ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ መጽሔቱን በቁሙ፣ በራሱ መጠን ማለት ይቻላል፣ ያነቡበታል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። ሁለተኛው የስክሪኑ ጥራት ነው። 1280 በ800 የሚል ከሆነ በትልቁም ቢሆን አይግዙት። 1920 በ1200 ዝቅተኛው ይሁን። ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የሚለጠፈውን ሻካራ ላስቲክም ይተዉት፤ ደቃቅ መስመርን ያደበዝዛል። መብራቱ ከጎንዎ እንዲሆን አድርገው ቢቀመጡ ይሻላል።

ከየት ልጀምር ካሉኝ፣ ከፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ። በ1954 የጀመረ የአሜሪካ መጽሔት ነው፤ ዎርልድ ራዲዮ ሂስትሪ የተባለው ድረ ገጽ ላይ እትሞቹ ተሰድረው ይገኛሉ። እስከ 1974 አጋማሽ ድረስ ገጹ ከተለመደው መጽሔት አነስ ያለ ነበር። ለእርስዎ ታብሌት የተሰፋ ይመስላል፤ ጠርዙን ብቻ ቆርጠው ሳያጋድሙ ሊያነቡት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ገጹ ተለቀ። የጃንዋሪ 1975ቱን እትም፣ አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒውተር ሽፋኑ ላይ የወጣበትን፣ ሲከፍቱ ታብሌቱን ማጋደም ይኖርብዎታል። በኋላ ማይክሮሶፍትን አብረው ከመሠረቱት አንዱ፣ ፖል አለን፣ ያንን እትም ለሌላው፣ ለቢል ጌትስ፣ ያሳየው በወረቀት ስለነበር ይህ ጣጣ አልነበረበትም።